ሰሚሐ ያስፈቀደቻቸው ቸርኬዎች

ሀቢባን የማውቃት ሱቋና ሱቄ አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ ነው። የእኔ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው፣ የእሷ የመኪና መለዋወጫ። ከመነኸሪያው ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ በዕድሜ እኩያ ነን። በእኔ ጾም ምሳዋን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ በእሷ ረመዳን እኔ ውኃ ስጠጣ ፊቴን አዞራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስሟን ለማጉደፍ እንዳልተነሣሁ እንዲታወቅልኝ ነው። ደግሞም በነገሩ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት። እንድጽፈው ስጠይቃት፣ "የሆነውን እንደሆነው ጻፊው፤ እኔም ሰው ነኝ" ብላ ፈቅዳልኛለች።

ሀቢባ የወረታ ልጅ ናት። መስዑድን አግብታ ባሕር ዳር ስትመጣ እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ወገቡን ታሞ መሪ መያዝ ሲያቅተው ቤቱ በእሷ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሌላዋ ብትሆን ልብስ ወይም ቅመም ትነግድ ነበር፤ ሀቢባ ግን የባሏን ጓደኞች ሾፌሮቹን ስለምታውቅ መለዋወጫ ከፈተች። መጀመሪያ መጀመሪያ ወንዶች በር ላይ ቆመው "ባለሱቁ የለም?" ይሏት ነበር። "ባለሱቁ እኔ ነኝ፤ ምን ጠፋብህ?" ትላቸዋለች። በተለይ ቸርኬ ላይ ማንም አይደርስባትም ነበር። ጎማ የሚለብሰውን ያንን ብረት መሬት ላይ አስተኝታ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ላይ መዳፏን ዘርግታ፣ ሜትር ሳትይዝ፣ ይህ የዚህ መኪና ነው፣ ያኛው የዚያ ነው ትላለች። ሾፌሮች እየተወራረዱ ዓይኗን በሻርፕ አሥረው ሲፈትኗት አይቻለሁ። ስትሳሳት ግን አላየሁም።

ሰሚሐ የሀቢባ የታላቅ እህቷ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሀቢባ ለቀብር ወረታ ሄዳ ስትመለስ ልጅቱን ይዛት መጣች። የሀቢባ ሁለት ወንዶች ልጆች ሱቁን እንደ ቅጣት ሲሸሹት፣ ሰሚሐ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ዕቃ ትደረድር ነበር። ሀቢባም ያወቀችውን ሳትሰስት አስተማረቻት። ልጅቱ ኮሌጅ ገብታ አውቶሞቲቭ ተማረች፤ አብዱልበሲጥ የሚባል የባንክ ሠራተኛ አገባች፤ የዛሬ አራት ዓመት ደግሞ ዓባይ ማዶ የራሷን ሱቅ ከፈተች። የመክፈቻው ዕለት ሀቢባ ስምንት ቸርኬ በስጦታ አስጭና ሄደች። ስትመለስ "ዛሬ ገና እናት ሆንሁ" ብላኝ ነበር። ያን ቀን በልቧ ምንም አልነበረባትም፤ ይህን እመሰክራለሁ።

ነገሩ የተለወጠው የመኪና ምርመራው ሲጠብቅ ነው። ድሮ መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ፣ መርማሪው መብራቱን አይቶ፣ ፍሬኑን አስረግጦ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ያሳልፍ ነበር። በኋላ ግን ጥዑመ ልሳን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ተመድቦ መጣና ሜትር ይዞ ከመኪና ሥር ይገባ ጀመር። ከፋብሪካው ልክ የተለየ ቸርኬ ያሰረ መኪና ወይ የቀድሞውን መልሶ ይሰር፣ ወይ የቀየረውን በወረቀት ያስፈቅድ ተባለ። ያላስፈቀደ ቦሎ አይለጠፍለትም፤ ቦሎ የሌለውን ደግሞ ትራፊክ ያቆመዋል። ለጌጥ የሚቀየረውን ስፖርት ቸርኬ የሚሸጡ ነጋዴዎች ሁሉ አማረሩ። ሀቢባም አማረረች።

ሰሚሐ አላማረረችም። ምርመራ ጣቢያው ድረስ ሄዳ የሚፈልጉትን አንድ በአንድ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ለምትሸጠው ቸርኬ ሁሉ ፋይል ታዘጋጅ ጀመር። የሠራው ፋብሪካ ማስረጃ፣ ስፋቱ፣ ስንት ኪሎ እንደሚችል፣ ከታሰረ በኋላ ከመኪናው አካል ወደ ውጭ አለመውጣቱን የሚያሳይ ፎቶ፣ ያሰረው ጋራዥ ማኅተም፣ ሁሉም በአንድ አቃፊ ውስጥ ነው። መሐንዲሱ አይቶ ይፈርማል፣ ለውጡ በመኪናው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ሾፌሩም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ዓመት ሳይሞላ ሾፌሩ ሁሉ "የሰሚሐ ቸርኬ" ማለት ጀመረ፣ ብረቱን ያቀለጠችው እሷ ይመስል። መንገድ ክፍት በሆነ ጊዜ ከደብረ ታቦርና ከጎንደር ሳይቀር እሷን ብለው ይመጡ ነበር።

ሀቢባ መቅናት የጀመረችው ያኔ ነው። መጀመሪያ የሰሚሐ ስም በተነሣ ቁጥር "የእኔ ልጅ እኮ ናት" ትል ነበር። ቀስ በቀስ ይህን ማለት ተወች። በሯ ላይ ተቀምጣ የሚያልፉትን መኪኖች እግር ታያለች፤ ከሰሚሐ ሱቅ የወጣውን ከሩቅ ትለየዋለች፤ ቀኑ ሲመሽ ስንት እንዳለፉ ታውቃለች። ራት ላይ መስዑድ "ልጅቱ ጎበዝ ወጣች" ካለ፣ በልቶ ሳይጨርስ ትሪውን ታነሣበታለች፤ እሱም ለምን እንደሆነ አይገባውም ነበር። አንዳንድ ቀን ሱቋን ለእኔ አደራ ብላ ትጠፋለች። የት እንደምትሄድ የነገረችኝ በኋላ ነው። ባጃጅ ይዛ ድልድዩን ተሻግራ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ በሰሚሐ ሱቅ በር ታልፍ ኖሯል። ስንት ሰው እንደቆመ አይታ ባጃጁን አስዙራ ትመለሳለች። "ሳየው ይብስብኛል፣ ካላየሁትም አላርፍም" ነው ያለችኝ።

አንድ ጊዜ፣ አንቺስ ለምን እንደሱ ያለ ፋይል አታዘጋጂም ብዬ ጠየቅኋት።

"ያሳደግኋትን ልጅ ሄጄ አስተምሪኝ ልበላት?" አለችኝና ወደ ሱቋ ገባች። ሁለት ቀን ሰላምታዋ ቀዝቅዞብኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ባምላክ የሚባል ሾፌር ሚኒባሱን በራችን ላይ አቆመ። በጢስ ዓባይ መስመር ዐሥራ አምስት ሰው ጭኖ የሚመላለስ፣ ትሑት ሰው ነው። ሀቢባን በአክብሮት ሰላም ብሎ፣ "የሰሚሐ ሱቅ በየት በኩል ነው፣ እትዬ?" አላት።

ጥያቄውን እኔም በግድግዳው ሰምቼዋለሁ። ሀቢባ ምን ፈልጎ እንደሆነ ጠየቀችው። ስፖርት ቸርኬ እንደሚፈልግ ሲነግራት ግባ አለችው። ከውጭ አገልግለው የመጡ፣ ፊታቸው የሚያብረቀርቅ አራት ቸርኬዎች አወጣችለት። መዳፏን ዘርግታ ለካች፤ ቀዳዳው በልክ ነበር። ባምላክ ወደዳቸው፤ ነገር ግን ምርመራ ያልፋሉ ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት።

"እኔ ይህን ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው" አለችው። "ሰሚሐ የምትላትን ቸርኬ መለየት ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ያልፋል።"

ባምላክ አመናት። አራቱን አሳሰረ፣ የድሮዎቹን የብረት ቸርኬዎች እዚያው ብረት ለሚሰበስብ ሰው ሸጠ። ሀቢባ ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች። ደስታዋ ከሽያጩ አልነበረም፤ ወደ ሰሚሐ የሚሄድ ሰው ከመንገድ በማስቀረቷ ነበር። ይህንንም ራሷ ናት የነገረችኝ።

በዘጠነኛው ቀን ባምላክ ተመለሰ። መኪናውን ለምርመራ አቅርቦ ወድቋል። አልጮኸም፤ ወረቀቱን ባንኮኒዋ ላይ አስቀምጦ ቆመ። ሥራ መፍታቱን፣ የድሮዎቹ ቸርኬዎችም እጁ ላይ አለመኖራቸውን ብቻ ተናገረ። ሀቢባ አብሬህ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ ብላው ተነሣች።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ወረፋ የያዙ ሾፌሮች ሞልተው ነበር። ጥዑመ ልሳን ሚኒባሱን ዞሮ እያሳየ በትሕትና አስረዳት። ቸርኬው ከጎማው በላይ ካለው ፓራፋንጎ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። የሠራው ፋብሪካ ማስረጃ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንት ኪሎ እንደሚችል አይታወቅም፤ ከኋላው ተቀርጾ መሆን አለበት፣ ነገር ግን ቅባትና አቧራ ሸፍኖታል። አንዱን አስፈትተው፣ አጥበው፣ የተጻፈውን ገልብጠው ከማመልከቻ ጋር ያምጡልኝ አላት። ይህን ብሎ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ሊረዳት ፈልጎ ጨመረበት።

"ሰሚሐን ያውቋታል? ዓባይ ማዶ ሱቅ ያላት? እሷ ጋ ቢሄዱ ሥራው ይቀልልዎታል። እኛም ከእሷ ፋይል የተማርነው አለ።"

ሾፌሮቹ ሀቢባን ያውቋታል። ማን ማንን እንዳሳደገ የሚያውቁም ነበሩባቸው። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

"አላውቃትም" አለች ሀቢባ።

ከዚያ በቀጥታ የመጣችው እኔ ጋ ነው። ፊቷ ዐመድ መስሏል። ስለ ባምላክ ቸርኬ ማመልከቻ እንድጽፍላት ነገረችኝ፤ ጻፍሁላት። እጄን ከኮምፒውተሩ ሳነሣ ሌላም አለ አለችኝ። በዝግታ፣ ቃል በቃል አስጻፈችኝ። ዓባይ ማዶ ያለችው ነጋዴ የምታቀርባቸው የፋብሪካ ማስረጃዎች በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው፤ አንዱን ወረቀት እያባዛች ለሁሉም መኪና ታያይዛለች፤ የሚመለከተው አካል ያጣራ የሚል ነው። ከሥር ስም የለውም። "አንድ ተቆርቋሪ ዜጋ" በይው አለችኝ።

"ሀቢባ፣ እውነት ነው?" አልኋት።

"ሰው ይላል" አለችኝ።

ያ ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ጎረቤቴ ናት፤ በክፉ ቀኔ ደርሳልኛለች፤ ደግሞም ሰው አምጥቶ የሚያስጽፈኝን ሁሉ ስመረምር ብውል ሱቄ አይቆምም ብዬ ራሴን አሳመንሁ። አትሜ ሰጠኋት። ያን ወረቀት ባልጽፈው ኖሮ ሌላ ጋ ሄዳ ታስጽፈው ነበር እላለሁ እስከዛሬ። ግን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ጥቆማው ከደረሰ በኋላ ጥዑመ ልሳን የሚያደርገውን አደረገ። ማጣራቱ እስኪያልቅ ከሰሚሐ ሱቅ የሚመጣ ፋይል እንዳይፈረም አዘዘ። ዐሥራ አንድ መኪና ቆመ። ባለመኪኖቹ ሱቋ በር ላይ ተሰልፈው ይነዛነዙ ጀመር፤ አንዳንዱም አጭበርባሪ እያለ ይሰድባት ነበር። ወሬው ወደኛ መንገድ የደረሰው በማግሥቱ ነው።

ሀቢባ የመጀመሪያውን ቀን ቀልሏት ዋለች። ሱቋን ጠረገች፣ መደርደሪያውን ወለወለች፣ ከሾፌሮች ጋር ቀልድ ተለዋወጠች። በሁለተኛው ቀን ከሰሚሐ የሸሹ ሁለት ደንበኞች ወደ እሷ መጡ፤ ቸርኬ ሲጠይቋት የለኝም ብላ መለሰቻቸው፣ ሞልቷት ሳለ። በሦስተኛው ቀን ምሳዋን ሳትከፍተው ወደ ቤቷ መለሰችው። የባምላክ ሚኒባስ በራችን ላይ ቆሟል፤ አንዱ ቸርኬ ተፈትቶ፣ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ። የተፈታው ቸርኬ ሱቋ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀረ። አጥበሽ ከኋላው ያለውን አንብቢ የተባለችውን ረስታዋለች፤ ሐሳቧ ሁሉ ድልድዩ ማዶ ነበር። ባምላክ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይጠይቃታል፤ ነገ ትለዋለች።

በአራተኛው ቀን ሰሚሐ መጣች። የመጣችው ግን መጀመሪያ ወደ እኔ ነው። ዓባይ ማዶ መብራት ጠፍቶ ነበርና ለጣቢያው የምትሰጠውን መልስ እንድጽፍላት ፈለገች። ብዙ እንቅልፍ እንዳላገኘች ዓይኗ ያስታውቃል። ወንበር ስቤላት እየነገረችኝ ጻፍሁ። እያንዳንዱን ማስረጃ ከየት አስመጪ እንዳገኘች፣ በየትኛው ቀን፣ ለየትኛው ሰሌዳ ቁጥር እንዳያያዘች፣ አንዱም ሳይደናገራት ዘረዘረችው። የእኔ ጣቶች ግን ይሳሳቱ ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት በዚያው የፊደል ገበታ ላይ የጻፉትን ያውቃሉና።

ስትጨርስ፣ "እትዬ ጽጌ፣ ማን ይመስልዎታል እንዲህ ያደረገኝ?" አለችኝ።

እግዜር ያውቃል አልኋት። ፊቷን ሳላይ ነው ያልሁት።

ከዚያ ወደ አክስቷ ገባች። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ ላለመስማት ብፈልግ እንኳ ይሰማል። ሰሚሐ ሀቢባን ሰላም ብላ ተቀመጠችና ትንሽ አለቀሰች። ለአብዱልበሲጥ አልነገረችውም፤ እንዳይጨነቅ ብላ ነው። ሌላ ነጋዴ ተመቅኝቷት እንደሆነ ትጠረጥራለች፣ ግን ስሙን ጠርታ ኃጢአት መግባት አትፈልግም። ሀቢባ አይዞሽ እንኳ አላለችም።

በዚህ መካከል ሰሚሐ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ቸርኬ አየች። ልማዷ ነውና ተነሥታ ገለበጠችው። ባምላክም በዚያው ሰዓት እንደ ልማዱ ሊጠይቅ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔም ወጥቼ ከጎኑ ቆምሁ። ሰሚሐ ጨርቅ አንሥታ፣ ቤንዚን ውስጥ ነክራ፣ ጀርባውን ፈተገችው። ከቅባቱ ሥር ጽሑፍ ወጣ። አጎንብሳ አነበበች፤ እንደገና ፈትጋ አነበበች።

"አክስቴ፣ ይሄ የየትኛው መኪና ነው?"

"የዚህ ሚኒባስ" አለች ሀቢባ በአገጯ ወደ ውጭ እያመለከተች።

ሰሚሐ ባምላክን አየችው፣ ሚኒባሱንም አየችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የቤት መኪና ቸርኬ መሆኑን ተናገረች። አንዱ የሚችለው አምስት መቶ ኪሎ ነው። ዐሥራ አምስት ሰው ከነጓዙ የጫነ ሚኒባስ፣ በተለይ በኋላ እግሩ፣ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይጭንበታል። ወረቀት ቢሟላ ባይሟላ ማንም መሐንዲስ ሊፈቅደው አይችልም፤ ሊፈቅደውም አይገባም። ቀዳዳው መግጠሙ ምንም አይደለም።

ባምላክ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ዘጠኝ ቀን በሙሉ፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ፣ ጠዋትና ማታ ሰው ጭኖበታል። በገበያው ቀን ሚስቱና እናቱም በዚያው መኪና ሄደዋል። ይህን ለማንም ሳይሆን ለራሱ ነበር የሚናገረው።

ሀቢባ ሃያ ዓመት በመዳፏ ስትለካ ጀርባውን ገልብጣ ያነበበችበት ቀን የለም። ድሮ የሚጠይቃት አልነበረም። አሁን ግን ጠይቀዋታል፤ አጥበሽ አንብቢ ብለዋታል፤ አራት ቀን ዝም ብላዋለች። ባምላክ ቀና ብሎ አያት። የሚለውን ሊል አፉን ሲከፍት ሰሚሐ ቀደመችው።

"የአክስቴ ጥፋት አይደለም" አለችው። "ከቅባቱ ብዛት ማንም አያየውም ነበር። የእርስዎን ዓይነት ሚኒባስ የፋብሪካ ቸርኬ እኔ ጋ አራት አለ፤ ዛሬውኑ እልክልዎታለሁ። በእሱ ነገ ምርመራ ያልፋሉ።"

ባምላክ አመስግኗት ተነሣ። ብድግ ብሎ ሲሄድ ሀቢባን ዞር ብሎ አላያትም። እኔም ወደ ሱቄ ገባሁ። ያን ጊዜ ሀቢባ ተረታች ብዬ አስቤ ነበር፤ እሷ ግን በኋላ የነገረችኝ ሌላ ነው። በዚያች ደቂቃ የተሰማት ምስጋናም ጸጸትም አልነበረም። ከበፊቱ የባሰ ቅናት ነበር። በሥራ በልጣኛለች፣ በትምህርት በልጣኛለች፣ አሁን ደግሞ በሰውነትም በለጠችኝ ብላ አሰበች። "ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር፣ ጽጌ። ደግነቷን ነው ያልቻልሁት" አለችኝ።

ግድግዳው ማዶ ሰሚሐ ቸርኬውን መልሳ ስታስደግፈው ሰማሁ። ከዚያ ሀቢባ ተናገረች።

"ጥቆማውን ያስጻፍሁት እኔ ነኝ።"

ሰሚሐ በደንብ ያልሰማች መሰላት መሰለኝ፤ ምን አሉኝ ብላ ጠየቀች። ሀቢባ ደገመችላት። እዚህ ጎረቤት አስጽፌ፣ በእጄ ወስጄ፣ ጣቢያው የጥቆማ ሳጥን ውስጥ ከተትሁት አለቻት። ሰሚሐ ለምን ብላ ጠየቀች፤ ስትጠይቅ ድምፅዋ የድሮዋን ልጅ መሰለኝ።

"ስምሽን ሲጠሩት መስማት አቃተኝ" አለች ሀቢባ።

ሰሚሐ አልተቆጣችም።

"እኔ እኮ ሰው ሁሉ ጋ የሀቢባ ልጅ ነኝ እያልሁ ነው የምሸጠው" አለች።

ከዚያ ወጣች። በሱቄ በር ስታልፍ የጻፍሁላትን መልስ በደረቷ አቅፋዋለች። ቆም አለችና አየችኝ፤ ጎረቤት የተባለው ማን እንደሆነ ገብቷታል። መንገዱን ተሻግራ ሄደች። ለባምላክ ቃል የገባችውን ግን አላጠፈችም። ዐሥር ሰዓት ላይ አብዱልበሲጥ አራቱን የብረት ቸርኬዎች በባጃጅ ጭኖ አመጣቸው፤ አውርዶ፣ አሳስሮ፣ ሰላም ብሎን ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት ሀቢባ ሱቋን ሳትከፍት ወደ ምርመራ ጣቢያው ሄደች። እንድሸኛት ጠይቃኝ አብሬያት ሄድሁ። የዚያ ቀንም ወረፋው ረጅም ነበር። ጥዑመ ልሳን ወደ ቢሮ እንግባ ቢላት እዚሁ ይሁን አለችው፤ አላውቃትም ያለችው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበርና። ስም የሌለውን ጥቆማ ያመጣችው እሷ መሆኗን፣ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ከራሷ የወጣ ውሸት መሆኑን ነገረችው። መሐንዲሱ ፊቱ ጠቆረ። ማጣራቱ ትናንት ማታ ማለቁን፣ የሰሚሐ ማስረጃ አንዱም ሐሰት ሆኖ አለመገኘቱን፣ የቆሙት መኪኖች ዛሬ እንደሚፈረምላቸው አስረዳት። ቀጥሎም፣ ይህን ለማለት አልፈለገም ነበር ይመስለኛል፣ "ያን ዕለት አላውቃትም ብለውኝ ነበር" አላት።

"ልጄ ናት" አለች ሀቢባ።

ከወረፋው አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ ሾፌር ደግሞ ሁሉን እንዳልሰማ ሆኖ ወደ መኪናው ዞረ። እኔም የጻፍሁት እኔ መሆኔን ተናገርሁ። መሐንዲሱ እጁን ወደ በሩ አሳይቶን ወደ ሥራው ተመለሰ። ስንወጣ ግቢው ደጃፍ ያለው ዘንባባ ሥር አረፍ ብለን ነው የሄድነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ወዲያው የተስተካከለ ነገር አይደለም። መስዑድ ጉዳዩን ሲሰማ አንድ ሳምንት ከሚስቱ ጋር አልተነጋገረም። በኢድ ሰሚሐ አልመጣችም፤ ለአጎቷ ለብቻው ደውላ እንኳን አደረሰዎ አለችው። እኔ ብቻዬን ዓባይ ማዶ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሻይ አስመጣችልኝ፣ ይቅር ብያለሁ አለችኝ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንዲት ገጽ እንኳ እኔ ጋ አላስጻፈችም። አይፈረድባትም። ባምላክ ገንዘቡ ተመልሶለታል፤ በበራችን ሲያልፍ ለእኔ ጥሩንባ ይነፋል፣ ለሀቢባ ግን ገና ነው።

ሀቢባ እነዚያን አራት ቸርኬዎች ለቤት መኪና እንኳ አልሸጠቻቸውም። ሌሎቹን ሁሉ ግን ከመደርደሪያ አውርዳ አንድ በአንድ አጠበቻቸው። መነጽር ገዛች። ከጀርባቸው ያለውን ቁጥር በደብተር እየጻፈች፣ ያልገባትን እኔ ጋ እያመጣች ታስነብበኛለች። ማስረጃ የሌለውን ለየች፤ ከግማሽ በላይ ነበር። በጥር ወር ሔራን የምትባል የኮሌጅ መምህርት ለቤት መኪናዋ አራት ቸርኬ ገዛቻት። ማመልከቻውን እኔ ጻፍሁ፣ ፋይሉን እሷ አዘጋጀች። አንድ ጊዜ ተመለሰባቸው፤ ፎቶው በትክክል አልተነሣም ተባለ። ሁለተኛ ጊዜ ግን ተፈረመ። የተፈረመውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ላደርግላት ስቀበላት፣ የራስሽ ሲፈረም ደስ አለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ደስ አለኝ፣ ግን ሰሚሐ ስንት እንዳስፈረመች ወዲያው በልቤ ቆጠርሁ አለችኝ። ቅናቷ እንዲህ በአንድ ቀን ጠፋ ብላ አልዋሸችኝም።

በዐረፋ ዋዜማ ሰሚሐ መጣች። ልብስ አልለወጠችም፣ ስጦታ አላመጣችም፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። በሩ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሀቢባ እንዴት ዋልሽ፣ ባልሽ ደኅና ነው ብላ ጠየቀች፤ እሷም አልሐምዱሊላህ አለች። እኔም ወንበሬን ይዤ ወጥቼ በር ላይ ተቀመጥሁ፤ ሰው ካለ ይቀላቸዋል ብዬ ነው።

ሀቢባ ደብተሯን ከባንኮኒው ሥር አወጣች። ሁለት ወር ሙሉ ያልገባት ነገር ነበር። ቸርኬው ስፋቱ ልክ ሆኖ ሳለ አንዳንዱ ለምን ከፓራፋንጎው ወደ ውጭ ይወጣል፣ በቁጥር እንዴት አስቀድሞ ይታወቃል የሚል ነው። ፊቷን ወደ ደብተሩ ደፍታ ጠየቀቻት። ሰሚሐ ተነሥታ አንድ ቸርኬ አስተኛች፣ ሜትሩን ከመካከሉ እስከ ቡሎን መቀመጫው ዘረጋች፣ የትኛው ቁጥር ወደ ውስጥ፣ የትኛው ወደ ውጭ እንደሚያወጣው በጣቷ እያሳየች አስረዳቻት። ቀላል ነገር ነበር። ሀቢባ ስትሰማ ከንፈሯ ጥብቅ ብሎ ነበር፤ ያን ፊቷን አውቀዋለሁ። ወደ መንገዱ ዞር አለች። ከዚያ መነጽሯን አስተካክላ፣ እርሳሷን አንሥታ፣ አልያዝሁትምና እንደገና ንገሪኝ አለቻት።